የተፈለገ ጉድለት፦ የቫልቭ ጊታር ማጉያ ታሪክና ለመሐንዲስ የሚሰጠው ትምህርት

በድምፅ ማጉያ ሥራ የሠለጠነ መሐንዲስ ከመጀመሪያው የትምህርት ዘመን አንሥቶ የሚማረው አንድ ሕግ አለ። ይኸውም ጥሩ ማጉያ ማለት በመግቢያው የተቀበለውን ሞገድ ቅርጹን ሳይለውጥ፣ መጠኑን ብቻ አሳድጎ በመውጫው የሚያስረክብ ነው የሚል ነው። ከዚህ ያፈነገጠው ሁሉ «መዛባት» ይባላል። መዛባትም በመቶኛ ይለካል፤ ባነሰ ቁጥር መሣሪያው ይመሰገናል፣ በበዛ ቁጥር ይነቀፋል። እኔም ይህን ሕግ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠራጠር ለብዙ ዓመታት ስሠራበት ቆይቻለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን ሄቪ ሜታል የተባለውን ሙዚቃ የሚጫወት አንድ ወዳጄ፣ በአንድ አነስተኛ አውደ ጥናት በእጅ የተሠራ አዲስ የቫልቭ ጊታር ማጉያ ገዝቶ «እስቲ ፈትሽልኝ» ሲል ወደ መሥሪያ ጠረጴዛዬ አመጣው። እንዲህ ያሉት ማጉያዎች በጥቂት ቁጥር ብቻ የሚሠሩ ሲሆኑ ዋጋቸውም ከፋብሪካ ዕቃ እጅግ የላቀ ነው። እንደ ልማዴ በመግቢያው ንጹሕ የሳይን ሞገድ ሰጥቼ መውጫውን በኦሲሎስኮፕ ተመለከትሁ። ሞገዱ አናቱም ግርጌው ተቆርጦ፣ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። ወፍራሙ ድምፅ ገና ከመግቢያው ተቀንሷል። ምንም ሳይጫወቱበት እንኳ የሹክሹክታ ድምፅ ያሰማል። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ጉድለቶች ዘርዝሬ ጻፍሁለት። ወዳጄም እስከ አሥረኛው ድረስ አንብቦ ፈገግ አለና «እንግዲያው ጥሩ ማጉያ ነው ማለት ነዋ!» ብሎ፣ አሥራ አንደኛውን ሳያነብ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በጊዜው የወዳጄ መልስ ቀልድ መስሎኝ ነበር። የእነዚህን ማጉያዎች ታሪክ በመረመርሁ ጊዜ ግን የተሳሳትሁት እኔ መሆኔን ተረዳሁ። የተሳሳትሁትም በልኬቴ ሳይሆን በጥያቄዬ ነበር። ስለ አሥራ አንደኛው ጉድለት ወደ መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ታሪኩን ለሙያ ባልደረቦቼ ባጭሩ ላቅርብ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ንጽሕና የተፈለገበት ዘመን

ቫልቭ፣ አሜሪካኖች ቱዩብ የሚሉት፣ አየሩ የወጣለት የመስተዋት አምፑል ነው። በውስጡ የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ አኖዱ ይስባቸዋል፤ በመካከላቸው የተዘረጋው ፍርግርግ ደግሞ በሚደርሰው ጥቂት ቮልቴጅ ፍሰቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሁለት ኤሌክትሮድ ያለውን ቫልቭ በ1904 የሠራው እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ሲሆን፣ በ1906 አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ሦስተኛውን ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ፍርግርጉን ጨመረበት። የረጅም ርቀት ስልክ፣ ራዲዮና ድምፅ ያለው ሲኒማ የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

የእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ጭንቀት አንድ ነበር፤ መዛባትን ማጥፋት። የስልክ ድምፅ ከከተማ ከተማ ሲተላለፍ በብዙ ማጉያዎች ስለሚያልፍ የእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት መዛባት ተደማምሮ ንግግሩን የማይሰማ ያደርገው ነበር። በ1927 በቤል ላቦራቶሪ የሚሠራው ሃሮልድ ብላክ ከመውጫው ጥቂት ወስዶ በተቃራኒ ምልክት ወደ መግቢያው የሚመልስ ዘዴ በማግኘቱ ለዚህ ችግር መፍትሔ ተገኘለት። ዛሬም በየትምህርት ቤቱ የምንማረው ይህንኑ ነው።

የጊታር ማጉያም የተወለደው ከዚሁ ቤተ ሰብ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1938 በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ራሱ ጊታር ተጫዋች አልነበረም። የቫልቭ ፋብሪካዎች በመመሪያ መጻሕፍታቸው ከሚያሳትሟቸው ንድፎች እየተነሣ፣ በቀላሉ የሚጠገኑና ጭነት የሚችሉ ማጉያዎች ሠራ። በ1951 የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር አወጣ፤ በ1952 ደግሞ ለእርሱ የሚሆን «ቤዝማን» የተባለ ማጉያ አስከተለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው የዚህ ማጉያ ዓይነት አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችና 45 ዋት ያህል ኃይል ነበረው። ዓላማው የቤዝ ድምፅ ሳይሻክር እንዲሰማ ነበር። ጊታር ተጫዋቾች ግን ወሰዱትና ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከፈቱት፤ በዚያን ጊዜ ማጉያው መሻከር ጀመረ። እነርሱም ቁልፉን አልመለሱትም።

፪. አደጋው እንደ ግኝት

በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ነገር በሌሎችም ስፍራዎች በአጋጣሚ ይታይ ነበር። በ1951 በሜምፊስ ከተማ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ «ሮኬት 88» የተባለው ዘፈን ሲቀዳ፣ የጊታሩ ማጉያ በመንገድ ላይ ተጎድቶ ስለ ነበር ስፒከሩ በወረቀት ተወትፎ ተጫወቱበት፤ የሻከረው ድምፅም ሳይታረም በሸክላው ላይ ቀረ። በ1958 ሊንክ ሬይ የተባለው ጊታሪስት ያንኑ ድምፅ ለማግኘት ስፒከሩን ሆን ብሎ በእርሳስ ጫፍ በሳው። በ1964 ደግሞ በለንደን የኪንክስ ቡድን አባል ዴቭ ዴቪስ የአንዲት ትንሽ ማጉያ ስፒከር በምላጭ ሠነጠቀ። ከብልሽት ወደ ፈቃድ የተደረገው ጉዞ በእነዚህ ሦስት ድርጊቶች በግልጽ ይታያል።

ጆሮ እንዲህ ያለውን ሻካራ ድምፅ ስለ ምን ይወደዋል? ሰው ሲጮኽ ድምፁ የሚጎላ ብቻ አይደለም፤ ይሻክራልም። ስለዚህ በድምፅ ውስጥ ያለው መሻከር ለሰሚው ኃይልንና ስሜትን ይነግረዋል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የበገና ደርዳሪ በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የተባለችውን ትንሽ ቆዳ የሚያስገባው፣ አውታሩ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያንን የሚነዝር ድምፅ እንዲሰጥ ነው። ደርዳሪው ቆዳውን ጥቂት ወደዚህ፣ ጥቂት ወደዚያ እያደረገ ንዝረቱ ልክ እስኪሆን ድረስ ያስተካክለዋል። እንዚራ የሌለው በገና በሳይን ሞገድ ሕግ «ንጹሕ» ይባል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በገና አይደለም።

፫. የሃንዌሉ ሱቅ

ጂም ማርሻል የከበሮ መምህር ነበር። በ1960 ሃንዌል በተባለው የምዕራብ ለንደን ሰፈር የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። ከበሮ የሚማሩት ወጣቶች የቡድን ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር፤ ጊታሪስቶቹም የአሜሪካ ማጉያ ውድና በቀላሉ የማይገኝ መሆኑን እያነሡ ያማርሩ ነበር። ማርሻልም የሱቁን ጥገና ሠራተኛ ኬን ብራንንና ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረውን ደድሊ ክሬቨንን ይዞ በ1962 የመጀመሪያውን ማጉያ አወጣ።

ንድፉ የተወሰደው ከፌንደር ቤዝማን ነበር። ድምፁ ግን ሌላ ሆነ። ይህ ለመሐንዲስ ትልቅ ቁም ነገር ስለሆነ ልዩነቶቹን መቁጠር ተገቢ ነው። አንደኛ፣ በመግቢያው ላይ የአሜሪካው ማጉያ የማባዛት ቁጥሩ 44 ያህል የሆነ ቫልቭ ሲኖረው፣ ለንደኖች ግን ቁጥሩ 100 የሆነውን ኢሲሲ83 አስገቡ፤ ስለዚህ ማጉያው ቀደም ብሎ መሻከር ጀመረ። ሁለተኛ፣ በመውጫው ላይ የአሜሪካውን ቫልቭ ትተው በእንግሊዝ በሚሠራው ኬቲ66፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በኢኤል34 ተጠቀሙ። ሦስተኛ፣ ትራንስፎርመሮቹ በአገር ውስጥ የተጠቀለሉ ነበሩ። አራተኛ፣ ጀርባው ክፍት በሆነው የአሜሪካ ሣጥን ፋንታ አራት ባለ 12 ኢንች የሰለስቺን ስፒከሮችን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አደረጉ፤ በዚህም ወፍራሙ ድምፅ ወደ ፊት ተገፍቶ ደረት የሚመታ ሆነ። ከእነዚህ ለውጦች ከፊሉ የመጣው በአገር ውስጥ ከሚገኘው ዕቃ ነው፤ ከሱቁ ባንኮኒ ማዶ ቆሞ «ይህ አልጣመኝም፣ ያኛው ይሻላል» ይል የነበረው ደንበኛ ደግሞ የትኛው እንዲጸና ወሰነ።

በ1965 ዘ ሁ የተባለው ቡድን ጊታሪስት ፒት ታውንሴንድ ከዚህም የበለጠ ጉላት ጠየቀ፤ 100 ዋት የሆነው የማርሻል ማጉያም ተሠራ። ከ45 ዋት ወደ 100 ዋት መውጣት በዴሲቤል ሲሰላ ሦስት ተኩል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ጉላት ለመስጠት ግን ኃይሉን ወደ አሥር እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ በ100 ዋቱም አልረኩም፤ ቁልፉን እንደገና እስከ ጥግ ከፈቱት። ጉላትን ሲሹ ያገኙት ይበልጡን መዛባትን ነው።

፬. የበርሚንግሃም ጣቶች

ሄቪ ሜታል ቅርጹን የያዘው የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው በበርሚንግሃም ነው። ቶኒ አዮሚ በቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ሊለቅ በነበረበት በመጨረሻው ቀን፣ መጭመቂያው መኪና የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ በመሆኑ አውታሮቹን የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነበር። ጊታሩን ከመተው ይልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቆቡንም ቆዳ አለበሰው። ቀጫጭን አውታሮችንም ፈልጎ ገጠመ፤ ኋላም አውታሮቹን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገ። በ1971 በወጣው «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ» በተባለው ሸክላ ውስጥ በአንዳንዶቹ ዜማዎች ቅኝቱ በሦስት ሰሚቶን ዝቅ ብሏል፤ ይህም ወፍራሙን አውታር ከ82 ኸርዝ ወደ 69 ኸርዝ ያወርደዋል።

አዮሚ የሚጫወትበት ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው በፌብሩዋሪ 1970 ሲሆን፣ ማጉያዎቹ ሊንደን ሌኒ ከ1967 ጀምሮ በዚያው ከተማ የሚሠራቸው ነበሩ። ከማጉያው አስቀድሞም ቀጭኑን ድምፅ ለይታ የምታጎላ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ይጠቀም ነበር። ወደ ቫልቩ የሚገባው ወፍራም ድምፅ አነስተኛ ስለሚሆን፣ ሞገዱ ቢቆረጥም የአውታሩ ምት አይጨማለቅም። ከእኔ ዝርዝር ውስጥ «ወፍራሙ ድምፅ ከመግቢያው ተቀንሷል» የሚለው ጉድለት ሥሩ እዚህ ነው።

የዚህ ሙዚቃ መሠረት የሆነው ባለ ሁለት ድምፅ ስምም የመዛባት ሒሳብ ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሞገድን የሚያዛባ መሣሪያ ሁለት ድምፆች በአንድ ጊዜ ሲገቡበት፣ የድግግሞሻቸውን ድምርና ልዩነት አዲስ አድርጎ ይፈጥራል። በ82 እና በ123 ኸርዝ አካባቢ ያሉ ሁለት ድምፆች፣ ማለትም የ2 ለ3 ዝምድና ያላቸው፣ ልዩነታቸው 41 ኸርዝ ያህል ነው። ይህም ከታችኛው ድምፅ ልክ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከሁለቱም ጋር ይስማማል። ስለዚህ ከሁለት አውታሮች ጊታሩ ራሱ የማይደርስበት ሦስተኛ ጥልቅ ድምፅ ይወለዳል። በአንጻሩ ብዙ ድምፆችን ያቀፈ ስምም በዚያው ማጉያ ሲያልፍ ልዩነቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጋጩ ይደፈርሳል። ሙዚቀኞቹ ይህን ከማንም መጽሐፍ አልተማሩም፤ በጆሯቸው አገኙት።

፭. የታቀደ መዛባት

እስከዚህ ድረስ መዛባት የጉላት ተከታይ ነበር። ድምፁን ለማግኘት አዳራሽ የሚያናውጥ ጩኸት ያስፈልግ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ራንዳል ስሚዝ በካሊፎርኒያ መዛባትን ከጉላት ለየ። በመግቢያው ክፍል ተጨማሪ የቫልቭ ደረጃ አስገባና በደረጃዎቹ መካከል መቆጣጠሪያ ቁልፎችን አደረገ፤ አንዱ ቁልፍ የመሻከሩን፣ ሌላው የጉላቱን መጠን ይወስናል። የኃይሉም ነገር ቀላል አይደለም። አንድ የኢሲሲ83 ደረጃ ሞገድን ወደ 50 እጥፍ ቢያሳድግ፣ ሁለት ደረጃዎች 2,500፣ ሦስት ደረጃዎች 125,000 እጥፍ ያደርሱታል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው በየደረጃው መካከል ምን ያህሉን እንደሚያልፍና ምን ያህሉን እንደሚያስቀር መወሰን ግዴታው ነው። ሹክሹክታውም ከዚህ የመጣ ነው፤ ጥቂቱን ምልክት የሚያሳድግ ጥቂቱንም ረብሻ ያሳድጋል።

በ1987 ማይክ ሶልዳኖ ያወጣው ባለ 100 ዋት ማጉያ ይህን ጥበብ ይበልጥ አራቀቀው። በአንዱ ደረጃ፣ በተለመደው ከ1 እስከ 3 ኪሎ ኦም በሚሆን የካቶድ ሬዚስተር ፈንታ 39 ኪሎ ኦም አኖረ። በዚህ ምክንያት ቫልቩ ሊጠፋ ጥቂት እንደቀረው ሆኖ ይሠራል፤ የሞገዱም አንድ ወገን ከሌላው ቀድሞ ይቆረጣል። ይህን ሬዚስተር ያየ የቀድሞ ዘመን መምህር የስሌት ስሕተት ነው ብሎ በቀይ ቀለም ያሰምርበት ነበር።

ትራንዚስተር በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ ቫልቭ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ተባሯል። በጊታር ማጉያ ውስጥ ግን ቀረ። ብዙ ተቃራኒ ምላሽ ያለው የትራንዚስተር ማጉያ እስከ ድንበሩ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ቆይቶ በድንገት ይቆርጣል፤ የቫልቭ ማጉያ ግን ወደ ድንበሩ ቀስ በቀስ ስለሚቀርብ የተጫዋቹን የእጅ ኃይል ይከተላል። ዛሬ ዋና ዋናዎቹ የቫልቭ ፋብሪካዎች በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና የሚገኙ ሲሆን፣ ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ እነዚሁ ማጉያ ሠሪዎች ናቸው።

ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጎን በእጃቸው ጥቂት ጥቂት የሚሠሩ ሰዎችም ተነሡ። በካሊፎርኒያ አሌክሳንደር ደምብል ማጉያውን ለተጫዋቹ እጅ ልክ ያስተካክል፣ ሌላ ሰው እንዳይቀዳውም ንድፉን በኢፖክሲ ይሸፍን ነበር። በኒው ጀርሲ ኬን ፊሸር በማጉያዎቹ ላይ ከተከታታይ ቁጥር ይልቅ የሴቶችን ስም ይጽፍ ነበር። ወዳጄ ይዞልኝ የመጣው ማጉያ የዚህ ልማድ ልጅ ነው።

፮. አሥራ አንደኛው

ይህን ሁሉ ከተረዳሁ በኋላ ማጉያውን እንዲያመጣልኝ ለምኜ ፍተሻውን እንደገና ጀመርሁ። በዚህ ጊዜ ጥያቄዎቼ ሌሎች ነበሩ። ሞገዱ ተቆርጧል ወይ ሳይሆን፣ ከንጽሕና ወደ መሻከር የሚሸጋገረው ቀስ ብሎ ነው ወይስ በድንገት? ወፍራሙ አውታር ቶሎ ቶሎ ሲመታ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል? እጅ አውታሩን ሲያፍነው ድምፁ ወዲያው ይቆማል? የጊታሩ ቁልፍ ዝቅ ሲል ድምፁ ይጠራል? ማጉያው እነዚህን ፈተናዎች ሁሉ በክብር አለፈ።

የቀረው አሥራ አንደኛው ነበር። የመከላከያው መሬት ሽቦ በራሱ ብሎን በመያዝ ፈንታ፣ ትራንስፎርመሩን ከሚይዙት ብሎኖች በአንዱ ሥር ተጣብቆ ነበር። ማጉያ ከስፒከር በላይ ተቀምጦ ሲንቀጠቀጥ እንዲህ ያለው ብሎን ይላላል፤ ሽቦውም ከብረት ሣጥኑ ይለያል። በቫልቭ ማጉያ ውስጥ ከ400 እስከ 500 ቮልት አለ። የጊታር አውታር ደግሞ በገመዱ በኩል ከብረት ሣጥኑ ጋር የተገናኘ ነው። በ1972 በዌልስ ስዋንዚ ከተማ የስቶን ዘ ክሮውስ ቡድን ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ በመድረክ ላይ ጊታሩን እንደያዘ፣ መሬቱ በትክክል ያልተያዘ ማይክሮፎን በመንካቱ በሕዝብ ፊት ሞቷል።

እንግዲህ ያፈርሁበት ነገር ይህ ነው። አሥሩን የተፈለጉ ጠባዮች ጉድለት ብዬ ስቆጥር፣ ሰው የሚገድለውን አንዱን እውነተኛ ጉድለት ከእነርሱ ኋላ ደብቄዋለሁ። ወዳጄ ዝርዝሩን ሳይጨርስ ያጠፈው በእርሱ ጥፋት አይደለም፤ አሥር ጊዜ የማይመለከተውን የነገሩት ሰው አሥራ አንደኛውን አይሰማም። የመሣሪያውን ግብ ያላወቀ መርማሪ የሚጎዳውን ከሚጠቅመው ሊለይ አይችልም፤ ልኬቱ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን የሚያስጠነቅቅበትን ድምፅ ያጣል።

ሽቦውን በራሱ ብሎንና በማይላላ ማሠሪያ አሠርሁለት። ለሠሪውም በትሕትና ጻፍሁ። ከዚያም ሪፖርቱን እንደ አዲስ ጻፍሁት፤ «ጉድለት» በሚለው ርእስ ሥር አንድ መሥመር ብቻ፣ «ጠባይ» በሚለው ሥር አሥር መሥመር። ወዳጄ ቆሞ የመጀመሪያዋን መሥመር ሁለት ጊዜ አነበባት። አልሳቀም። ብሎኑን በጣቱ ነክቶ ካረጋገጠ በኋላ ጊታሩን ሰካና ወፍራሙን አውታር መታ። የኦሲሎስኮፑ ሞገድ ዛሬም እንደ ሣጥን ነበር፤ እኔም ማጉያው ሥራውን በትክክል እየሠራ መሆኑን መዘገብሁ።